የጠበቃ ፈቃድ በማን እጅ ይኑር?

የቀድሞ ሰዎች «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ሲተርቱ ከነገሩ ግማሹን ብቻ ተናገሩ። ንጉሥ ባይከሰስም ሰውን መክሰሱ አልቀረም። እንግዲህ መንግሥት ከሳሽ በሆነ ጊዜ ከተከሳሹ ጎን ቆሞ «ሳይሰማ አይፈረድበት» የሚለው ማን ነው? ይህስ ሰው የዕለት እንጀራው በከሳሹ እጅ የተያዘ እንደ ሆነ ድምፁ ምን ያህል ርቆ ይሰማል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአገራችን ጠበቃ የሚባለው ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ በየዘመኑ የተነሡትም ባለሥልጣኖች እንደ ምን እንደ ያዙት ነው።

ድሮ በአገራችን ሙግት ማለት የአደባባይ ትምህርት ቤት ነበረ። ባለጉዳዩ ነጠላውን አደግድጎ፥ ዘንጉን ይዞ፥ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠው ዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» እያለ ይሟገታል፤ በማር፥ በበቅሎ፥ በፈረስ ይወራረዳል። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበረ አገራችንን የጎበኙ መንገደኞች ሳይቀሩ ጽፈውታል። አንደበቱ ያልተፈታለት ወይም በአደባባይ መቆም የማይሆንለት ሰው ነገረ ፈጅ ያቆማል። ለዚህ ነገረ ፈጅ የፈቃድ ወረቀት አልነበረውም፤ ፈቃዱ ምላሱ ነበረች። ወረቀት ስለሌለውም ወረቀቱን የሚነጥቀው አልነበረም። ይሁን እንጂ ዳኛው ራሱ የአገሩ ገዥ፥ ግብሩን ሰብሳቢ፥ ጦሩን አዝማች ስለ ነበረ፥ ነገረ ፈጁ በድንበርና በርስት ነገር እንደ ልቡ ሲናገር ውሎ፥ ነገሩ ወደ ገዥው ጥቅም የተጠጋ እንደ ሆነ ምላሱን መሰብሰብ ያውቅበት ነበር።

(በዛሬው አነጋገር ነገረ ፈጅ የሚባለው በመሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከፈለው የሕግ ሰው ነው። እርሱ የመሥሪያ ቤቱን ቃል ቢናገር ማንም አያማውም፤ የተቀጠረው ለዚህ ነውና። «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ ስሙን ያገኘው ጠበቃ ግን የሚጠብቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ከስሙ ይታወቃል።)

በ1900 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱ ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ. ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እንደ ገና ተቋቋሙ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም ጠበቆች እየተመዘገቡ እንዲሠሩ የሚያዝ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የሕግ ብዛት ለአንድ ትውልድ የሚከብድ ነበረ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ110ኛው አንቀጽ ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ መሆናቸውንና ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ተናገረ፤ በ52ኛው አንቀጽ ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው፥ በገንዘቡ ማቆም ባይችልም ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት ደነገገ። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ፥ በ1952 የፍትሐ ብሔሩ ሕግ፥ በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከታትለው ወጡ። በ1956 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ።

የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ገልጦ ለተመለከተ ሰው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዘመን ተኝተው ይታያሉ። 61ኛው አንቀጽ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን አስጠርቶ እንዲነጋገር ይፈቅዳል፤ ይህ አዲሱ ዘመን ነው። 183ኛው አንቀጽ ደግሞ ባለጉዳዩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ከማለት የሚከለክለው እንደሌለ ያመለክታል፤ ይህ አሮጌው ዘመን ነው። ዙፋን ችሎት ለድኻ ተበዳይ የመጨረሻ መሸሸጊያ እንደ ነበረ የሚክድ የለም፤ ብዙ ሰው በዚያ ፍርድ አግኝቷል። ነገር ግን የፍርዱ ሁሉ መጨረሻ የአንድ ሰው ፈቃድ በሆነበት ቦታ ጠበቃ የሚከራከረው በሕግ ነው ወይስ በደጅ ጥናት? በዚያን ዘመን የነበሩ የሕግ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ኖሩ። በውጭ አገር ሕግ ተምረው በወጣትነታቸው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የበቁት ዶክተር በረከት ሀብተ ሥላሴ ሹመታቸውን ለቀው በኋላ የሐረር ከንቲባ ሆነው ከዋናው ከተማ ርቀው መመደባቸው፥ የመንግሥትን ሥራና የሕግን ነጻነት አስማምቶ መያዝ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበረ ያሳያል።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲናወጥ በ1966 ዓ. ም. የቀድሞዎቹን ባለሥልጣኖች ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሊቀ መንበርነት ተቋቋመ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማዝነው ለዚህ ኮሚሽን ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በአገራችን ባለሥልጣን ተጠይቆ፥ መልስ ሰጥቶ፥ ማስረጃ ቀርቦበት የሚፈረድበት በር ትንሽ ተከፍቶ ነበርና። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፥ በፓሪስ ሕግ የተማሩ ሰው፥ በእስር ላይ ሳሉ ስለ ሥራቸው የሰጡትን ማስታወሻ የጻፉት ለዚሁ ምርመራ ነው። ነገር ግን ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ሥልጣን በያዘበት በቁጥር 1 አዋጅ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት እንዲቋቋም፥ የሚሰጠውም ፍርድ ይግባኝ እንዳይኖረው አዘዘ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ይህም ልዩ ፍርድ ቤት ሳይጠበቅ አክሊሉን፥ ልጅ እንዳልካቸው መኰንንንና ሌሎቹን ጨምሮ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ክስ አልተነበበም፥ ጠበቃ አልቆመም፥ ምስክር አልተሰማም። የተገደሉበት ከርቸሌ ዛሬ የለም፤ «ዓለም በቃኝ» ይባል የነበረው እስር ቤት ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ. ም. የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተመረቀበት።

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ነው። በቅሎን ያህል ሀብት በፍርድ ቢያጣ ይቻለዋል፤ እፍኝ የማትሞላ ጭብጦ ያለ ፍርድ ብትወሰድበት ግን እስኪሞት ያንገበግበዋል። ሰውን ያለ ፍርድ መውሰድማ በምን ይመሰላል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድ በሚጀምርበት ሥፍራ በ2002 ዓ. ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። በየቀኑ በታክሲና በአውቶቡስ ወደ ቦሌ፥ ወደ ገርጂ፥ ወደ መገናኛ የምንመላለስ ሰዎች ቀና ብለን ሳናየው እናልፋለን። በዚያ ፎቶግራፋቸው የተሰቀለው ወጣቶች ብዙዎቹ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ የሞቱ ናቸው። የገደሏቸው ባለሥልጣኖች ግን ዳኛ ፊት ቀረቡ፤ እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 የደርግ አባሎች ክስ መሰማት ሲጀምር ለተከሳሾቹ ጠበቃ መቆም ነበረበት፤ ብዙዎቹም በገንዘባቸው ማቆም ስላልቻሉ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍላቸው ተከላካይ ጠበቆች በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ተደራጅተው ቆሙላቸው። ልጁን ያጣ አባት በችሎቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፥ ለልጁ አንድ ቃል የሚናገርለት ሰው ሳይኖር፥ ልጁን ለገደለው ሰው ግን የሕግ ሰው ሲከራከርለት መስማት ምንኛ ይከብዳል! ለእነዚያም ጠበቆች ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ጎረቤቱና ዘመዱ «እንዴት ለእነዚህ ትቆማለህ?» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ነገሩ 12 ዓመት ፈጅቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ፥ ጥር 3 ቀን የዕድሜ ልክ እስራት ሲወሰን፥ ግንቦት 18 ቀን 2000 በይግባኝ ወደ ሞት ፍርድ ሲለወጥ፥ ፍርዱን ከኅዳር 14ቱ ሌሊት የሚለየው ከተከሳሹ ጎን የቆመው ያ ጠበቃ ነው። የሞቱም ፍርድ ኋላ በ2003 በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተመልሷል።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፥ በ79ኛው አንቀጽ ዳኞች ከማናቸውም ተጽዕኖ ነጻ መሆናቸውን ደነገገ። በ1992 ዓ. ም. ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች ፈቃድ አሰጣጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 199 ወጣ። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያስመረጠኝ ይህ አዋጅ ነው። በአዋጁ መሠረት ፈቃዱን የሚሰጠው፥ የሚያድሰው፥ ጠበቃው አጠፋ ሲባልም የሚቀጣው ፍትሕ ሚኒስቴር ነበረ፤ የዲሲፕሊኑ ጉባኤም የተቋቋመው በዚያው ሚኒስቴር ሥር ነው። መንግሥትን ወክሎ ወንጀል የሚከሰው ዐቃቤ ሕግም የዚያው ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበረ። እንግዲህ በመንግሥት ለተከሰሰ ሰው የሚቆም ጠበቃ በግራ በኩል የሚከራከረው ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ነው፤ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚሄደው ደግሞ ወደ ዐቃቤ ሕጉ አለቃ ነው። ሚኒስትሩ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ሥልጣኑን በክፋት አልተጠቀሙበት ይሆናል። ነገር ግን ሎሌው ከጌታው ጋር በሚሟገትበት ቤት የጌታውን ደግነት ተስፋ አድርጎ መናገር ሌላ፥ በሕግ ተማምኖ መናገር ሌላ ነው።

የዳኛው ነጻነት ሲነካ የጠበቃውም አብሮ ይነካል፤ ጠበቃ የሚናገረው ለሚሰማ ዳኛ ነውና። በ1993 ዓ. ም. በገዥው ፓርቲ ውስጥ መከፋፈል በተነሣ ጊዜ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ጉዳዩን ያየችው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። ትእዛዙ ተፈጸመ፤ ተከሳሹ ግን ወዲያው ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ በፖሊስ ተይዘው ተመለሱ። ወዲያውም በሙስና ለተከሰሰ ሰው ዋስትና የሚነፍግ አዋጅ፥ ቁጥር 239/1993፥ በምክር ቤት ወጣ። ለአንድ ሰው ጉዳይ ሕግ ሲቆረጥ ያየ ጠበቃ ከዚያ በኋላ የዋስትና ማመልከቻ ሲጽፍ እጁ እንደማይከብደው ማን ይናገራል? ብርቱካንም ዳኝነቱን ትታ በጥብቅና ሠራች፤ ኋላም ወደ ፖለቲካ ገብታ ሁለት ጊዜ ታሠረች።

በዚያው ዓመት ማለቂያና በ1994 መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታገደ። ማኅበሩ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ከ1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ለድኻ ሴቶች ያለ ክፍያ ሲከራከር የቆየ ነው። የታገደበት ምክንያት ከተፈቀደለት ሥራ ወጥቷል ተብሎ ሲሆን፥ ነገሩ የመጣው ማኅበሩ በአንዲት ሴት ላይ ይደርስ የነበረውን ዛቻ ፍትሕ ሚኒስቴር ሊከላከልላት አልቻለም ብሎ በአደባባይ ከወቀሰ በኋላ ነው። የባንክ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ጉዳያቸውን ይዞላቸው የነበሩ ሴቶች በሩ ተዘግቶ አገኙት። ዕገዳው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተነሣ። ይሁን እንጂ በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብት ነገር የሚሠራ ማኅበር ከውጭ አገር የሚያገኘው ገንዘብ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ስላዘዘ፥ ያው ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ። እንግዲህ የጠበቃን አፍ ለመዝጋት ወኅኒ የግድ አያስፈልግም፤ የሒሳብ ደብተር መዝጋት ይበቃል። አዋጁ በ2011 በሌላ አዋጅ፥ በቁጥር 1113፥ ተተክቷል።

ወኅኒውንም ያዩ አሉ። በግንቦት 1997 ምርጫ ዋዜማ የአገር ውስጥ ማኅበራት ምርጫውን እንዳይታዘቡ የምርጫ ቦርድ ሲከለክላቸው፥ የሕግ ባለሙያው አቶ ነጻነት ደምሴ የሚመሩት ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ቦርዱን ከሰሰ፥ በከፍተኛው ፍርድ ቤትም በይግባኝም ረታ። መንግሥት በሕግ ተከስሶ የተረታበት ቀን ስለ ሆነ በታሪካችን ሊታወስ የሚገባው ነው። ከምርጫው በኋላ ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ በጥቅምት 1998 ነጻነትና ሌላው የሕግ ባለሙያ አቶ ዳንኤል በቀለ ከተቃዋሚ መሪዎችና ከጋዜጠኞች ጋር ታሠሩ። ከተከሰሱት አብዛኞቹ ችሎቱን አናምንም ብለው አንከራከርም አሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን የሕግ ሰዎች ነበሩና ጠበቃ አቁመው፥ ምስክር ጠርተው ተከራከሩ። ሌሎቹ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ሲወጡ እነርሱ ፍርዱን እንጠብቃለን ብለው በእስር ቀሩ። በታኅሣሥ 2000 ጥፋተኞች ተብለው የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደባቸው፤ በመጋቢትም ተለቀቁ። ያልተከራከረው ቀድሞ ወጣ፥ በሕግ የተከራከረው ዘግይቶ ወጣ። የሕግ ተማሪ ይህን ሲያነብ ምን ይማራል ብዬ እሰጋለሁ።

ይህ መከራ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ሽማግሌው ማልዜርብ ለተከሰሰው ለ16ኛው ሉዊ በፈቃዱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ፥ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1794 አንገቱ ተቆረጠ። ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኔልሰን ማንዴላ የጥብቅና ሥራ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ስማቸው ከመዝገብ እንዲፋቅ ፍርድ ቤትን ጠየቀ፤ ዳኛው ግን ለሕዝቡ መብት መታገል ክብርን አያሳጣም በማለት ማኅበሩን ረታው። እኒሁ ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት ተምረዋል። በሪቮኒያ ክስ የማንዴላን መከላከያ የመሩት ብራም ፊሸር ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ከጠበቆች መዝገብ ተፋቁ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ1975 አረፉ። ስማቸው ወደ መዝገቡ የተመለሰው በ2003 ነው፤ ከሞቱ 28 ዓመት በኋላ።

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1982 ዓ. ም. በሐቫና ተሰብስቦ ስለ ጠበቆች ሥራ ባወጣው መሠረታዊ ሐሳብ ጠበቃ ከሚከራከርለት ሰው ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይቆጠር፥ ጠበቆችም ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ማኅበር እንዲኖራቸው መክሯል። የመጀመሪያው ምክር ለእኛ አገር ሰው የሚከብድ ይመስለኛል። «የሌባ ጠበቃ» የሚለው ስድብ በአፋችን የተለመደ ነውና። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ለምርመራ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰርን በፈቀደበት ዘመን፥ በማዕከላዊ የታሰሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠበቃቸውን እንዳያገኙ ይደረጉ እንደ ነበረ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው ጽፈዋል። አዋጁ በ2012 ተተካ፤ ማዕከላዊም በ2010 ተዘጋ።

በ2011 ዓ. ም. አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ጥቅምት 22 ቀን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በኅዳር ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በዓመቱ ማለቂያ ዶክተር ዳንኤል በቀለ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ። ማኅበሯ የታገደባት፥ ትእዛዟ የተሻረባት፥ የታሰረውም ሰው ሦስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ታላላቅ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። በጊዜው ብዙዎቻችን ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለን። ነገር ግን ሦስቱም ዛሬ በእነዚያ ወንበሮች ላይ የሉም፤ ሁለቱ በ2015 በፈቃዳቸው ለቀቁ፥ ሦስተኛውም በ2016 ዘመኑን ፈጽሞ ወጣ። ወንበር ሰውን ይቀያይራል፤ ደንቡ ግን እስኪነኩት ድረስ ባለበት ይቆያል።

ደንቡ በከፊል የተነካው በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ይህ አዋጅ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቋመ፥ ፈቃድ ያለው ጠበቃም ሁሉ አባል እንዲሆን አዘዘ፤ ቀድሞ ለየብቻቸው ብቻ ይሠሩ የነበሩትም ጠበቆች ድርጅት አቁመው በአንድነት እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። የዚህን ፍሬ ለማየት ወደ ምሥራቁ የከተማችን ክፍል መሄድ ነው። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር የከተማው ዳርቻ የነበረው አገር፥ ዛሬ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ሃያ ሁለትና እስከ መገናኛ ድረስ በየፎቁ ላይ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። እዚያ የሚመጣው ባለጉዳይ በአብዛኛው የቤት ሽያጭ፥ የኮንዶሚኒየም ውርስ፥ የንግድ ማኅበር፥ የፍቺና የደመወዝ ክርክር የያዘ ነው። በፖለቲካ የተከሰሰ ሰው የመጣ እንደ ሆነ ግን ጠበቃው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሌሎቹ ደንበኞቹም ነው። ባለሀብቱ ደንበኛ ፋይሉን በዝምታ ይዞ ወደ ሌላ ፎቅ ይሄዳልና። እንዲህ ያሉ ክሶች በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቁት ስለዚህ ይመስለኛል።

ፈቃዱን የመስጠት ሥልጣን ግን በአዲሱም አዋጅ ወደ ማኅበሩ አልተላለፈም። አዋጁ ሲወጣ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እጅ ነበረ፤ በ2014 የመሥሪያ ቤቶቹ አደረጃጀት ሲለወጥ ደግሞ ከዐቃቤ ሕጎቹ ጋር አብሮ ተመልሶ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ገባ። በቦሌ ምድብ ችሎት ጠዋት ካባቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ከሚቆሙት ሁለት ሰዎች፥ አንደኛው ከዚያ ሚኒስቴር ደመወዝ ይቀበላል፥ ሁለተኛው ፈቃድ ይቀበላል።